የቆዳ ሊምፎማ የያዛትን ውሻዬን ያለ ኬሞቴራፒ ያስታመምኩበት መንገድ

የቆዳ ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው፤ ሲጀምር አለርጂ ይመስላል። ውሻው ያሳክከዋል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይረግፋል። ብዙ ውሾች የበሽታቸው ትክክለኛ ስም ከመታወቁ በፊት ለወራት የአለርጂ፣ የፈንገስ ወይም የእከክ መድኃኒት ሲወስዱ የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። የእኔዋ ዳማም ያለፈችው በዚሁ መንገድ ነው። ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት የቆዳ ችግር ኖሮባት አያውቅም። አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር ስለሆነ፣ በስተርጅና ድንገት የመጣ ማሳከክ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግለት ይጠይቃል። ሁለተኛው ምልክት ቀለሟ ነበር። ጥቁር የነበረው የአፍንጫዋ ጫፍና የከንፈሯ ጠርዝ ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ ተለወጠ፤ ቀጥሎም የታችኛው ከንፈሯ ላይ ጠንካራ እብጠት ወጣ። በእርጅና የመጣ ማሳከክና የአፍንጫ ወይም የከንፈር ቀለም መሳሳት አንድ ላይ ካያችሁ፣ የቆዳ ናሙና እንዲወሰድ ራሳችሁ ጠይቁ።

ያለ ናሙና ይህንን በሽታ ማረጋገጥ አይቻልም። ሐኪማችን የአካባቢ ማደንዘዣ ሰጥተው ከተለያዩ ቦታዎች ትንንሽ ክብ ናሙናዎች ወሰዱ። በሽታው አንዱ ቦታ ላይ ጎልቶ ሲታይ ሌላው ላይ ገና ጅምር ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ናሙና ብቻ መውሰድ እንደሚያሳስት ነገሩኝ። የቆሰለና የተላጠ ቦታም ለናሙና አይመረጥም፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ማየት የሚፈልገው የላይኛው የቆዳ ንብርብር እዚያ የለምና። ናሙናው ከሚወሰድበት ቦታ ላይ ቅርፊቱን አጥቦና ፈግፍጎ መቅረብም አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት መጀመር ውጤቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። የዳማ ውጤት ኤፒቴሊዮትሮፒክ ሊምፎማ የሚባለው ሆነ፤ ካንሰር የሆኑ ቲ ሊምፎሳይቶች የላይኛውን ቆዳ ወርረውት ነበር። ሴሎቹ የቲ ወገን መሆናቸው ሲዲ3 በተባለው ምልክት ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የደም ምርመራ፣ የሊምፍ ዕጢዎቿ ምርመራና የሆድ አልትራሳውንድ ተደረገላት።

ለዚህ በሽታ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት መድኃኒት ሎሙስቲን ነው። በአፍ የሚወሰድ እንክብል ሲሆን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ከ10 ውሾች ወደ 8 የሚጠጉት እንደተሻላቸው ያሳያሉ፤ መሻሻሉ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ግን ሦስት ወር ገደማ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ሊነገሯችሁ ይገባል። ሎሙስቲን ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። የዳማ ጉበት ከካንሰሩ በፊትም የታመመ ነበር፤ የጉበት ኢንዛይሞቿ ከመጠን በላይ ከፍ ብለው ለዓመታት በክትትል ላይ ነበረች። ሐኪማችን መድኃኒቱን ቢሰጧት ከሚጠቅማት ይልቅ ሊጎዳት እንደሚችል በግልጽ ነገሩኝ። ውሳኔያችን ከዚህ ተነሣ። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ውሻ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ውሳኔ ላይ ብትደርሱ ፍጹም ተገቢ ነው፤ ሎሙስቲን የብዙ ውሾችን ወራት ያማረ አድርጓል፣ እኔም ዳማ ብትችለው ኖሮ እሞክረው ነበር።

የቆዳ ሊምፎማ በየትኛውም መንገድ ቢታከም አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። ብዙ ውሾች ከታወቀባቸው በኋላ የሚኖሩት በወራት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ አንዳንዶች ከዓመት በላይ ይቆያሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የወጣባቸው ደግሞ የተሻለ ዕድል አላቸው። ይህንን ከተቀበላችሁ ጥያቄው ይለወጣል። እኔና ሐኪማችን የተስማማነው ማሳከኩን ለመቀነስ፣ ቆዳዋን ከኢንፌክሽን ለመጠበቅ፣ እንድትበላና እንድትተኛ ለማድረግ ነው። ኬሞቴራፒ አለመስጠት ሕክምና አለመስጠት ማለት አይደለም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የነበረው ክትትል የበለጠ ጥንቃቄ ጠየቀን።

መጀመሪያ የገባው ፕሬድኒሶሎን ነው። ስለዚህ መድኃኒት አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ፕሬድኒሶሎን የሊምፎማ ሴሎችን በተወሰነ ደረጃ ይገድላል፣ ማሳከክንና መቅላትን በፍጥነት ይቀንሳል። ለብቻው ለሳምንታት ከተሰጠ በኋላ ግን ካንሰሩ ሌሎች የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ኬሞቴራፒን ገና እያሰባችሁበት ከሆነ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ወስኑ፤ ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ የሐሳብ ለውጥ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ዳማ በሰጠኋት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረች። ብዙ ውኃ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ ሁልጊዜ ይርባታል፤ የጭኗ ጡንቻም እየሳሳ ሄደ። ፕሬድኒሶሎን ከአስፕሪን፣ ከሜሎክሲካም ወይም ከካርፕሮፌን ከመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር አብሮ አይሰጥም፤ ጨጓራን ያቆስላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ውሻም በድንገት አያቆምም፣ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል።

ስለ ሱፍ ዘይት ብዙ ሰዎች ስለሚጠይቁ በዝርዝር ልጻፍ። በእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የስብ አሲድ የበዛበት የሱፍ ዘይት ለዚህ ሊምፎማ ተሞክሮ የተሻላቸው ውሾች ተመዝግበዋል። ይህ እሾሃማው ሱፍ ነው፣ ትልቅ ቢጫ አበባ ያለው የሱፍ አበባ አይደለም። መረጃው ከጥቂት ውሾች የተገኘ ስለሆነ እንደ ተረጋገጠ መድኃኒት መቁጠር አይገባም። በጽሑፎቹ የተጠቀሰው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የውሻው ክብደት 3 ሚሊ ሊትር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ዛሬ ከሚሸጠው የሱፍ ዘይት አንዱ ዓይነት ኦሌይክ አሲድ እንዲበዛበት የተዳቀለ ስለሆነ ለዚህ ዓላማ አይሆንም።

መጠኑ ትንሽ አለመሆኑን አስሉት። 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ 60 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ይህም ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፣ የእንዲህ ዓይነት ውሻ የቀን ምግብ ግማሽ ያህል ነው። በዘይቱ ቀን ሌላው ምግብ ካልተቀነሰ ውሻው ይወፍራል። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ የቆሽት መቆጣት ነው። ቆሽቱ ታምሞ የሚያውቅ ወይም የደም ስቡ ከፍ ያለ ውሻ ይህንን ዘይት ባይሞክር ይሻለዋል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ውሻም የስብ ክትትል ያስፈልገዋል። እኛ ከሙሉው መጠን እጅግ ባነሰ ጀምረን፣ ሰገራዋን እያየን፣ የደም ምርመራ እያስደረግን ቀስ ብለን ከፍ አደረግነው። ማስመለስ፣ ሆድን አጎብጦ መቆም ወይም ምግብ እምቢ ማለት ከታየ ዘይቱ ወዲያው ይቆማል፣ ውሻው በዚያው ቀን ለሐኪም ይታያል። ዳማ ከሳምንታት በኋላ ቅርፊቷ ቀነሰ፣ ፀጉሯም ወዝ አገኘ። የከንፈሯን እብጠት ግን ዘይቱ አልነካውም። ለቆዳዋ ድርቀት ረድቷታል ብዬ አምናለሁ፤ ካንሰሩን አጠፋ የሚል ሰው ካለ ግን እኔ ያየሁት ያንን አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጠቀማት ማንም እንደ ካንሰር ሕክምና የማይቆጥረው ነገር ነው፤ የቆዳ እንክብካቤ። ሊምፎማ የቆዳን መከላከያ ያፈርሳል፤ በፈረሰው ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያና ማላሴዚያ የተባለው እርሾ ይራባሉ። እነርሱም በራሳቸው ያሳክካሉ፣ ይሸታሉ፣ ያቆስላሉ። ሐኪማችን ግልጽ የማጣበቂያ ቴፕ ብብቷ ላይ ለጥፈው አነሡና በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ፤ በባክቴሪያና በእርሾ የተሞላ ነበር። ኢንፌክሽኑ ሲታከም ማሳከኳ በጣም ቀነሰ። ከካንሰሩ ነው ብዬ የማስበው ስቃይ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የኢንፌክሽኑ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሊታከም የሚችል ነው። ውሻችሁ በድንገት ከባሰበት ካንሰሩ ገፋ ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ቆዳው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አድርጉ። አንቲባዮቲክ ካስፈለገም ባክቴሪያው አድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ቢመረመር መልካም ነው፤ ብዙ መድኃኒት የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉና።

አጠባው እንዲህ ነበር። ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ ሙቅ ውኃ ማሳከክን ይጨምራል። ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይ ያለበትን ሻምፑ በመዳፌ እያሰራጨሁ በፀጉሯ አቅጣጫ እቀባታለሁ፤ አልፈገፍግም፤ የታመመ ቆዳ ሲፈገፈግ ይላጣል። ከዚያ 10 ደቂቃ ይቆያል። ሻምፑው የሚሠራው በዚህ ቆይታ ስለሆነ ወዲያው ማጠብ ድካም ብቻ ነው። ዳማ ውኃ አትወድም ነበር፤ አገጯን ክንዴ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍና ደቂቃዎቹን ትጨርሳለች። ከዚያ ብዙ ውኃ አፍስሼ አጥባታለሁ፣ በጥቁር ፎጣ እየተጫንኩ ውኃውን አስመጥጣለሁ። ፎጣውን ጥቁር ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ነጭ ቅርፊቱ ላዩ ላይ ስለሚታይ፣ ካለፈው ሳምንት መብዛቱን ወይም ማነሱን ሳትገምቱ ታያላችሁ። ሴራማይድና የስብ አሲድ ያለበት የእንስሳት ቆዳ ማለስለሻ ቆዳዋ እርጥብ ሳለ ይቀባል። የእግሯ መዳፎች ተሰነጣጥቀው ስለነበር ማታ ማታ ከቀባኋቸው በኋላ ለስላሳ የጥጥ ካልሲ አለብሳታለሁ፤ ደረቷንና ሆዷን ደግሞ የልጅ ጥጥ ካናቴራ ሸፈነልኝ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የሰው ቅባት ግን አትጠቀሙ፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ከላሰውም ይመርዘዋል።

ሬቲኖይድ የሚባሉትን የቫይታሚን ኤ ተዋጽኦዎችም ሞክረናል። አይሶትሬቲኖይን ወይም አሲትሬቲን ናቸው፤ የቆዳ ሴሎችን እድገት ስለሚያስተካክሉ በአንዳንድ ውሾች ላይ የሊምፎማውን መስፋፋት ያዘገያሉ። ውጤታቸው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም። ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የእንባ መጠን ይለካል፣ ጉበትና የደም ስብ ይመረመራል። ዳማ በአነስተኛ መጠን ስትወስድ የአፍንጫዋ ቅርፊት ለሰለሰ፤ ዓይኖቿ ግን ደርቀው ስለቀሉ ሐኪማችን አቆሙት። በቤታችሁ ያረገዘች ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት ካለች ይህንን መድኃኒት አትንካው፤ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። የቫይታሚን ኤ እንክብል ወይም ጉበት አብዝቶ መመገብም ምትኩ ሊሆን አይችልም፤ ቫይታሚን ኤ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ይመርዛል።

የከንፈሯ እብጠት ምግብ መያዝ እስከሚያቅታት ሲያድግ ወደ ጨረር ሕክምና ሄድን። የሊምፎማ ሴሎች ለጨረር በቀላሉ የሚሸነፉ ስለሆኑ፣ አንድ ወይም ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ለሚያስቸግር እብጠት ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ውሻው እንዳይንቀሳቀስ አጭር ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ጉበቷ ስለታመመ የማደንዘዣው ዓይነት በጥንቃቄ ተመረጠ። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ሟሸሸ፣ ቦታው ለጊዜው ቀላ፣ ፀጉሩ ረገፈ። እንደገና ምግቧን ሳትጥል በላች። መላውን ቆዳ በኤሌክትሮን ጨረር የማከም ዘዴም አለ፣ የሚሰጡት ማዕከላት ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ከሐኪማችሁ ጋር ልትነጋገሩባቸው የሚገቡ ሁለት ስሞች ልጨምር። ቨርዲኔክሶር በአፍ የሚወሰድ፣ ከተለመደው ኬሞቴራፒ በተለየ መንገድ የሚሠራ የውሻ ሊምፎማ መድኃኒት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቅድመ ሁኔታ ያለበት ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ እኛ አልተጠቀምንበትም። ሁለተኛው ለአለርጂ ማሳከክ የሚታዘዘው ኦክላሲቲኒብ ነው። የአምራቹ ማስጠንቀቂያ የካንሰር በሽታዎችን ሊያባብስ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ ቀድሞ የጀመረ ውሻ ሊምፎማ ከተገኘበት ጉዳዩ በሐኪሙ እንደገና ይታይ።

ውሻችሁ ካንሰር እንደያዘው ሲሰማ ከየአቅጣጫው ምክር ይመጣል። መካሪዎቹ በፍቅር ስለሚናገሩ እንቢ ማለት ይከብዳል። የቱርክ ጅራት የሚባለው እንጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2012 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተጠናው በ15 ውሾች ላይ ሲሆን፣ እነርሱም የያዛቸው ሌላ ካንሰር ነበር፤ የጣፊያ ሄማንጂዮሳርኮማ። ለቆዳ ሊምፎማ ማስረጃ አይሆንም። እርድ ብዙም ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። የዓሣ ዘይት መጠነኛ ሲሆን የቆዳ መቆጣትንና ድርቀትን ለመቀነስ ስለሚያግዝ እኛም ሰጥተናታል። የሻይ ዛፍ ዘይት በቆዳ ውስጥ ገብቶ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ያዝለዋል፤ ፈጽሞ አትቀቡት። እብጠትን ያቃጥላሉ የሚባሉ ጥቁር ቅባቶች ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። የትል መድኃኒቶችን በብዛት ስጡ የሚሉም አሉ፤ አይቨርሜክቲን ኮሊና መሰል ዝርያዎችን በዘር በወረሱት ኤምዲአር1 የተባለ ጂን ጉድለት ምክንያት ሊገድላቸው ይችላል። ጥሬ ሥጋም ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ፣ መከላከያው ለደከመ ውሻ የባክቴሪያ በር ነው። የምትሰጡትን ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ዱቄት፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለጉበቷ የተሰጣትን ሲሊቢንና ኤስ አዴኖሲል ሜቲዮኒን የያዘ መድኃኒት እንኳ ያስጀመሯት ሐኪሟ ናቸው።

ስሜት ከቀን ቀን ስለሚያወላውል ነገሩን በጽሑፍ ያዝኩት። በየሳምንቱ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ማስመሪያ ከቁስሉ አጠገብ አድርጌ ፎቶግራፍ አነሣለሁ፤ የማሳከኩን ደረጃ ከ0 እስከ 10 እጽፋለሁ፤ የበላችውንም እመዘግባለሁ። ለውሳኔ ደግሞ አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉት አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያዘጋጁትን የኑሮ ጥራት መለኪያ ተጠቀምን። ሕመም፣ ረሃብ፣ የውኃ እጥረት፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴና ከመጥፎ ቀናት ይልቅ የመልካም ቀናት መብዛት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል (10 በጣም መልካም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ሕመም በደንብ ሲታገሥ)፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው ተቀባይነት አለው ይባላል። ጥቅሙ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ለየብቻው ሲሞላው የማን ዓይን ምን እንደሚያይ ይገለጣል። በእኛ ቤት ሌሊት ከእሷ ጋር የሚነቃውና ቀን ቀን ብቻ የሚያያት ሰው የሰጡት ነጥብ በጣም ተራራቀ፤ በዚያ ምክንያት ሌሊቶቹን በደንብ መመዝገብ ጀመርን።

ዳማ ለብዙ ወራት በላች፣ ተጫወተች፣ በር ላይ ጠበቀችን። በኋላ አዳዲስ እብጠቶች በሆዷና በጀርባዋ ወጡ፣ መዳፎቿ ስለቆሰሉ መራመድ አቃታት፣ መድኃኒት ከፍ ሲልም ማሳከኩ አልበረደም። ነጥቡ ለተከታታይ ሳምንታት ሲወርድ ሐኪማችን ያለ ሥቃይ በመርፌ የምታርፍበትን ቀን እንድንይዝ መከሩን፤ ተስማማን። ይህ ከመድረሱ በፊት አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ነገር ቢኖር፣ ከመጨረሻው መርፌ በፊት የሚያስተኛ መርፌ እንዲሰጥና ከተቻለ ቤት መጥተው እንዲያደርጉት ነው። እግሩ የቆሰለና ደም ሥሩ የሳሳ ውሻ ሳይተኛ መርፌ ሲፈለግበት ይንገላታል።

የተረፈውን መድኃኒት ወደ ፋርማሲ መልሱ። በተለይ ሬቲኖይድና ፕሬድኒሶሎን ለሌላ የሚያሳክከው ውሻ በልግስና የሚሰጡ ነገሮች አይደሉም። ሌሎች ውሾች ካሏችሁ በሽታው አይተላለፍባቸውም፤ መኝታውንና ዕቃውን አጥባችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።